እጁን ሊታጠብ የሚነሣው ሙሽራ

ሰው ሊጋባ ሲል እንደሚሸጥ ዕቃ ለምን ቤት ለቤት እንደሚዞር ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። ሁለት ሰዎች ተዋወቁ፣ ተዋደዱ፣ አብረን እንኑር አሉ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ግን አይሆንም። መጀመሪያ አጎት ሊያየው ይገባል። አጎት ካየ አክስት ለምን ይቅርባት? አክስት ካየች ደግሞ ሙሽሪትን በሕፃንነቷ አንዴ ያቀፈች ሴትዮ «እኔ ሰው አይደለሁም ወይ?» ብላ ታኮርፋለች። እንዲህ እየተባለ እጮኛሞቹ የዕረፍት ቀናቸውን በሙሉ በሰው ሶፋ ላይ ጉልበታቸውን ገጥመው ተቀምጠው ይጨርሱታል። ከሠርጉ ማግስት ዞር ብለው ሲተያዩ «ለመሆኑ አንተ ማነህ?» ቢባባሉ ምን ይገርማል?

መቀስ ከዚህ መከራ ልትተርፍ አስባ ነበር። መቀስ የምንላት መጋረጃ ቤታችን ውስጥ ከኔ ቀጥሎ ባለው የስፌት መኪና ላይ የምትሠራዋን ልጅ ነው። ስሙ የወጣላት ጨርቅ ስለምትቆርጥ አይደለም፤ ጨርቅማ ሁላችንም እንቆርጣለን። ደንበኛ መጥቶ «ይሄ መጋረጃ ትንሽ አጠረ መሰለኝ» ሲል፣ ሌሎቻችን አንገታችንን ስንደፋ፣ «መጋረጃው አላጠረም፤ እርስዎ መስኮቱን ሲለኩ ወንበር ላይ መውጣት ሰንፈው ነው» የምትለው እሷ ስለሆነች ነው።

እናትና አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱባት ያሳደጓት አጎቷና የአጎቷ ሚስት ናቸው። አጎትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ሠራተኛ ሲቀጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሥራ ፈላጊውን ፊት ለፊት አስቀምጠው ላቡ እስኪመጣ ይጠይቁታል፤ የሚከፈላቸውም ለዚሁ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ወንበሩን እንጂ ጠባዩን አላስረከቡም። መቀስ ግን ትወዳቸዋለች። አንድ ቀን መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች እንዲህ አለችኝ፦

«ሁለት ነገር ነው የምፈልገው። ከሠርጉ በፊት ሰውዬውን በደንብ ላውቀው፣ ጋሼ ደግሞ ወደውት አጠገቤ ይቁሙልኝ። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሠርግ የሚባል ነገር የለም።»

ሰውዬው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የተዋወቁትም እኛው ሱቅ ነው፤ የጣሪያው ቧንቧ ፈንድቶ ጥቅል ጨርቆቻችን ሲዋኙ ተጠርቶ መጣ። ምንም ሳይናገር ሠራ፣ ሲጨርስ ወለሉን በራሱ ጨርቅ ወልውሎ ሄደ። ወለል የሚወለውል ወንድ! መቀስ ያን ቀን አንድ ሙሉ መጋረጃ ገልብጣ ሰፋች።

መጀመሪያ የሄዱት አጎት ቤት ነው፤ ሌላማ የት ይኬዳል? ሳሎኑን እኔም አውቀዋለሁ፤ መጋረጃውን የሰቀልነው እኛ ነን። ባለመስተዋት ቁም ሣጥን አለ፣ ውስጡ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ያን ቀን ሶፋው ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ፣ ከፊት ለፊቱ አንዲት ወንበር ብቻዋን ቆማለች። የማን እንደሆነች ለመገመት መማር አያስፈልግም። እጮኛው ተቀመጠባት። አጎት መነጽራቸውን አስተካከሉና «እስቲ ራስህን ግለጽልን» አሉት።

እጮኛው አጎትን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ቁም ሣጥኑን አየ። ከዚያ ተነሣና «እጄን ልታጠብ» አለ።

ሄደ፤ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ በርቷል። «ጋሼ፣ የማድ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል። አሁን ላስተካክለው።»

«ያንጠባጥባል?» አሉ የአጎት ሚስት። «ጠዋት ደህና አልነበረም እንዴ?»

«እንዲህ ነው የሚጀምረው እትዬ፣ ሳይታወቅ» አለና ኮቱን አወለቀ። ከኮቱ የውስጥ ኪስ መፍቻ አወጣ። አማቾቹ ቤት መፍቻ ይዞ የሚሄድ ሙሽራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መቀስ ግን ልቧ ቀለጠ። ሥራ ወዳድ ነው አለች። ቀኑን ሙሉ ግማሽ አካሉ ከሲንኩ ሥር ነበር። አጎት ከውጭ የቀረውን ግማሽ በጥያቄ ሲሞክሩት፣ ከውስጥ የሚሰማው «እህ» እና የብረት ድምፅ ብቻ ሆነ።

ቀጥሎ የአጎት እህት ቤት ሄዱ። እጁን ሊታጠብ ተነሣ፤ የሽንት ቤቷ ውሃ ማጠራቀሚያ ተበላሽቶ ተገኘ። ቀጥሎ ያቺ «አቅፌሻለሁ» የምትለው ሴትዮ ቤት ሄዱ። እጁን ታጠበ፤ የመታጠቢያ ቤቷ ቧንቧ ለቀቀ። ተመልሰው አጎት ቤት ሄዱ፤ የማድ ቤቱ ቧንቧ እንደገና አንጠባጠበ። ዘመድ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያወራ ጀመር፤ እንዴት ያለ አማች ነው፣ ገና ሳንጠራው ችግራችንን ያየልን፣ በጊዜ ባይመጣ ኖሮ ቤታችን በውሃ አልቆ ነበር። አንድም ሰው «ይህ ልጅ ከመምጣቱ በፊት ቤታችን መቼ አንጠባጠበ?» ብሎ አልጠየቀም። ሰው በነፃ የሚሠራለት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያቆመው ማሰብን ነው።

ከዚያማ ወሬው ተዛመተና ግብዣው መልኩን ለወጠ። «ኑ እንጂ፣ ናፍቃችሁናል፤ ሻወራችንም ትንሽ አስቸግሮናል።» ዓመት ሙሉ ስልክ ደውላ የማታውቅ የአጎት ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደጋግማ ደወለች። ናፍቆቷ ከጣሪያዋ ላይ ካለው ታንከር ይጀምራል።

«ፊቱን ልረሳው ነው» አለችኝ መቀስ። «ጀርባውን ግን ገበያ መሃል ብታሳዩኝ እለየዋለሁ።»

በእሱ በኩል ያለችው እናቱ ብቻ ነች። እሷ ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ። ሴትዮዋ ስታወራ ትንፋሽ የምትወስደው በጆሮዋ ነው መሰለኝ፣ አፏማ አይዘጋም።

«ይሄ ልጄ ማለት የኔ ልጅ፣ ልጅ ሆኖ እንግዳ በር ሲያንኳኳ አልጋ ሥር ነበር የሚገባው። አንዴ የአባቱ አለቃ መጥተው ስሙን ቢጠይቁት ብድግ ብሎ ሄደና ከበርሜሉ ኋላ ሲፈለግ ዋለ። አሁን ግን ይኸው፣ ሰው ሆኖ ሚስት አመጣ። አይደለም እንዴ? የት ሄደ?»

ግቢ ወጥቶ የውሃ ቆጣሪ እያየ ነበር። መቀስ ሣቀች። ያን ጊዜ ሣቁ ቀርቶባት ትንሽ ብታስብበት ኖሮ፣ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር።

በመጨረሻ ዘዴ አገኘች። «ተራራ ላይ ቧንቧ የለም» አለች። ከከተማው ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ሁለት ሆነው ሊወጡ ተስማሙ። አጎት ሲሰሙ «ብቻችሁን? ሰው ምን ይላል?» አሉና ሚስታቸውን ጨመሩላቸው። ይህ ሰው የሚባል ፍጥረት አድራሻው የት እንደሆነ ባውቅ ሄጄ የምለው ነበረኝ።

እትዬ ባለተረከዝ ጫማ አድርገው መጡ፤ ኮረብታውን እንደ ቢሮ ደረጃ አስበውት ነው። እኩሌታው ላይ የአንዱ ተረከዝ ተነቀለ። እጮኛው ዓይኑ በራ። መፍቻውን አውጥቶ የተነቀለውን ሊተክል ታገለ፤ አልሆነም። ከዚያ የደህናውንም ጫማ ተረከዝ መትቶ ነቀለና «አሁን እኩል ሆነ» አለ። እኩል የሆነ ጫማ ግን ጫፉ ወደ ሰማይ ያያል፤ ስለዚህ እትዬን አዝሎ ወረደ። እትዬ ጀርባው ላይ ሆነው የዘመዱን ሁሉ በሽታ በተራ በጆሮው አወሩለት። መቀስ ከኋላ ቦርሳ ተሸክማ ተከተለች።

ቀጥሎ ሐይቅ ሄዱ። እዚያ ደግሞ አጎት ራሳቸው መጡ፤ «እኔ ድሮም ውሃ እወዳለሁ» ብለው። ጀልባዋ ላይ መሃል ተቀመጡና እጮኛው መቅዘፊያውን ገና ሲያነሣ ጀመሩት።

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?»

እጮኛው ዳርቻውን አየ። ሩቅ ነው። ዘልሎ እንዳይገባ ዋና አይችልም። ልክ በዚህ ሰዓት ከጀልባዋ ወለል ውሃ ብቅ አለ። ልጁ በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። መቅዘፊያውን አጎትን አስታቀፈና ካልሲውን አውልቆ፣ አጎንብሶ ቀዳዳውን ሲወትፍ ዳርቻ እስኪደርሱ ቀና አላለም። አጎት እየቀዘፉ፣ እያላቡ፣ «ጥያቄዬን እኮ አልመለስክም» ይላሉ።

ነገሩ የፈነዳው ከዚህ በኋላ በነበረው እሑድ ነው። አጎት የድሮ የሥራ ጓደኞቻቸውን ሻይ ጠርተው እጮኛሞቹንም አስጠሩ። ያቺ ወንበር በቦታዋ አለች፤ የጓደኞቻቸው ወንበሮች ደግሞ ዙሪያዋን ከበዋታል። እጮኛው መቀስ ራሷ የሰፋችለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ገባ፣ ወንበሯን አየ፣ «እጄን ልታጠብ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ከመታጠቢያ ቤቱ የፏፏቴ ድምፅ መጣ፣ ውሃው በኮሪደሩ አልፎ ሳሎን ገባ። እንግዶቹ ብርጭቋቸውን ሳያስቀምጡ እግራቸውን ብቻ አነሡ። ልጁ በዚያ ሸሚዝ እርጥቡ ወለል ላይ በጀርባው ተኝቶ ይታገላል።

«እንዲህ ያለ አማች ከየት ይገኛል?» አለ አንዱ እንግዳ።

አጎትም አንገታቸውን ወደ ኮሪደሩ ሰገግ አድርገው፣ «ልጄ፣ እዚያው እያለህ የጓሮውንም ብታየው?» አሉ።

መቀስ ተነሣች።

«ጋሼ፣ እሱ የናንተ ሎሌ አይደለም።»

«ምን አልሽ?»

«ሰው ሊተዋወቅ መጥቶ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ወለል ላይ ነው የተኛው። ውሃችሁ እንጂ እሱ አልናፈቃችሁም። በሰው ጉልበት መጫወት ካማራችሁ ገንዘብ ከፍላችሁ ቅጠሩ።»

እንግዶቹ እግራቸውን እንዳነሡ ቀሩ። አጎት መነጽራቸውን አወለቁ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ጉልበት ስጫወት ኖሬ አንቺን አሳደግሁ ማለት ነው። መልካም። እንግዲያው የማይጫወት ዘመድ ፈልጊና እሱ ይዳርሽ። እኔ ሠርጉ ላይ የለሁም።»

እጮኛው ኮሪደሩ ላይ መፍቻውን እንደያዘ ቆሟል። ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል። አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። መቀስ ዝምታውን ትሕትና ነው ብላ እጁን ይዛ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሱቅ ውስጥ መቀስ መቀስነቷን ተወች። ደንበኛ «አጠረ» ሲላት «እሺ እናስረዝማለን» አለች። ያን ጊዜ ነው በእውነት የደነገጥኩት። እኔም ከጎኗ ሆኜ ዘመዶቿን አንድ በአንድ እረግም ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እርግማኑ ለአንዳንዶቹ አሁንም አይበዛባቸውም።

አሁን ከልካይ ስለሌለ ሁለቱ ብቻቸውን ትልቁን ተራራ ሊወጡ ሄዱ። ሰውም ምንም አላለም። ጫፉ አካባቢ ዝናብ ያዛቸውና አንድ የዋሻ አፍ የመሰለ ድንጋይ ሥር ተጠጉ። ጉልበታቸው እስኪነካካ ጠባብ ነው። ውሃ በየቦታው ይወርዳል፣ ቧንቧ ግን የለም፤ የሚጠገን ነገር ጠፋ።

«ጋሼን አጣሁ» አለች መቀስ። «ላንተ ብዬ ነው። አይቆጨኝም። ግን የሠርጉ ቀን አጠገቤ ማን እንደሚቆም አላውቅም።»

እጮኛው መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ አገላበጠው፤ መልሶ ከተተው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አንተማ በሌላ በኩል ነህ።»

«እሱን አይደለም። ቧንቧውን። እኔ ነኝ የማላላው።»

ዝናቡ ይወርዳል። መቀስ ወደ እሱ ዞረች።

«የጋሼን ማድ ቤት?»

«እኔ ነኝ።»

«የእህታቸውን ሽንት ቤት?»

«እሱንም።»

«ያቺ ያቀፈችኝ ሴትዮ ቤትስ?»

«የሷ ራሱም ትንሽ ላልቶ ነበር። እኔ ጨረስኩት።»

«ጀልባዋስ?»

«ጀልባዋን አልነካሁም። እሷ በራሷ ነው።»

«ለምን?» አለች መቀስ፤ ድምፅዋ እንደ ጨርቅ እየተቀደደ።

አወራ። እሷ እንደምትለው፣ ከተዋወቁ ጀምሮ ያወራው ቢደመር ያን አያክልም። ሥራ ፍለጋ በወጣበት ዘመን በየቢሮው እንዲያ ያለች ወንበር ላይ አስቀምጠው «ራስህን ግለጽ» ይሉት እንደነበር፣ ምላሱ እንደሚተሳሰር፣ አንድ ቦታ ዲዳ ነው ብለው በወረቀት እንደጠየቁት፣ ወረቀቱንም ሳይጽፍበት እንደመለሰ። «ሲንክ ሥር ማንም ማንንም አይጠይቅም» አለ። «ጋሼ ቤት የመጨረሻው ቀን የከበቡኝን ወንበሮች ሳይ ቸኩዬ ከሚገባው በላይ አላላሁት።»

«ለኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርሽ ባሰብኩ ቁጥር ሰው ቤት ነን።»

በዚህስ ላይ እኔ አንድም ቃል አልጨምርም።

መቀስ ተነሥታ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። ያሳደጋትን ሰው በእንግዶች ፊት ያዋረደችው፣ ራሱ አፍስሶ ራሱ ለሚወለውል ሰው ነበር። ቁልቁል ሄደች፤ ቆመች። ይከተላት አይከተላት ዞር ብላ አላየችም ነበር፤ ሲያዳልጣት ግን ዞረች። ከድንጋዩ ወጥቶ ዝናብ እየመታው ቆሟል፤ የሚደበቅበት ነገር አጠገቡ ሳለ። ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፎ ፊቱ እንዳለ ወጥቷል። «ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት» አለችኝ። «ፈሪ ነው፤ ግን ቆሟል።»

ተመለሰችና እጇን ዘረጋች። «መፍቻውን ስጠኝ።»

ሰጣት። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እንሂድ።»

«የት?»

«ጋሼ ጋ። አንተው ራስህ ትነግራቸዋለህ። እኔ አንድ ቃል አልረዳህም። ካልነገርካቸው ግን ሠርጉን እርሳው።»

«እንዲህ ጭቃ ሆነን?»

«እንዲሁ።»

በሩን የከፈቱት እትዬ ናቸው። ሁለቱን ከእግር እስከ ራስ አይተው፣ «በሉ መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ» አሉ።

«አይ እትዬ» አለ እጮኛው። «እኔ አልታጠብም።»

ሳሎን ገባና ማንም ሳይለው ያቺ ብቸኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጭቃማ እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ። አጎት ሶፋው ላይ ጋዜጣ እያነበቡ ነበር፤ አላጠፉትም።

«ጋሼ፣ ቤትዎን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያም፣ ኋላም። ቧንቧው ምንም አልነበረውም። እጄን ልታጠብ እያልኩ አላላው ነበር። እሷ አታውቅም፤ ለኔ ተቆርቁራ ነው የተናገረችዎት።»

ጋዜጣው ቀስ ብሎ ወረደ።

«የማድ ቤቱን ሁለተኛ ጊዜም?»

«አዎ ጋሼ።»

«እሱን እኮ አንተን እንዳላስቸግር ብዬ አዲስ ገዝቼ ያስገጠምኩት ነው። እናንተ በሄዳችሁ ማግስት መልሶ ሲያንጠባጥብ ነቅዬ ይዤ ሄድኩና፣ ሻጩን በሰው ፊት ሌባ አልኩት። ሰውዬው ማለለኝ። ‹ሌባ ሁሉ ይምላል› አልኩት።»

እጮኛው ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ይህ ቤት ስንት ዘመን አንድ ጠብታ አፍስሶ አያውቅም» ቀጠሉ አጎት። «እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚፈርስ ሆነ። አረጀሁ፣ ቤቴን እንኳ መጠበቅ አቃተኝ እያልኩ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት። አንተ ግን ለምን?»

«ጥያቄዎን ፈርቼ።»

«የትኛውን?»

«ራስህን ግለጽ የሚለውን።»

አጎት ሚስታቸውን አዩ፣ መቀስን አዩ። «እሱ ምን ያስፈራል? እኔ እኮ ከሰው ጋር ወሬ ስጀምር ሌላ የምለው ስለማላውቅ ነው። ስንት ዓመት ያን ስል ኖሬ ሌላ ከየት ላምጣ?»

«እውነታቸውን ነው» አሉ እትዬ። «እኔንም መጀመሪያ ያገኙኝ ቀን እንዲያ ነው ያሉኝ።»

እንግዲህ ተመልከቱ። አንዱ መጠየቅ እንጂ ማውራት አይችልም፤ ሌላው መልስ ያጣል እንጂ ሥራ አያጣም። በነዚህ ሁለት ሰዎች መሃል ነው የስንት ሰው ቤት በውሃ የተጥለቀለቀው፤ «ሰው ምን ይላል» ተብሎም አንድ ቀን እንኳ ከእጮኛዋ ጋር ብቻዋን እንዳትቀመጥ ስትጠበቅ የከረመችው ደግሞ ልጅቷ ናት።

«ጋሼ፣ እኔም የተናገርኩት...» ጀመረች መቀስ።

«ግማሹ ልክ ነው» አሏት። «የጓሮውን ማለት አልነበረብኝም። ጓሮው ምንም አልሆነም፤ እንግዶቹ ፊት ትንሽ ልኮራበት ብዬ ነው።» ወደ ልጁ ዞሩ። «ነገ ያ ሻጭ ጋ አብረን እንሄዳለን። ሰውዬውን ይቅርታ እጠይቅልሃለሁ።»

«አይ ጋሼ። እርስዎ ይቁሙልኝ፤ የምናገረው እኔ ነኝ።»

አጎት ጋዜጣውን አጠፉት። «የሠርጉ ቀንስ ብቻዋን ልትገባ ነው እንዴ ይህች ልጅ? እስቲ ያ ጥቁር ልብሴ የት እንዳለ እይልኝ» አሉ ለሚስታቸው፤ ሠርጉ ገና ሳምንታት ሲቀሩት።

እትዬ ሊነሡ ሲሉ ከማድ ቤት ድምፅ ተሰማ። ጠብ። ትንሽ ቆይቶ፣ ጠብ።

ሁሉም እጮኛውን አዩት። እሱ ሁለት ጭቃማ እጆቹን ወደ ላይ አነሣ። «እኔ አይደለሁም። ከገባሁ ጀምሮ ከዚህ አልተነሣሁም።»

«አውቃለሁ» አሉ አጎት።

ጠብ አለ። የልጁ ዓይን ወደ ኮሪደሩ፣ ከዚያ ወደ መቀስ ቦርሳ ሄደ። መቀስ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«በል እንግዲህ» አሉ አጎት፤ ሌላ ነገር ሊሉ ሲፈልጉ ቆዩና አጡት። «እስቲ ራስህን ግለጽልን።»

ልጁ ዓይኑን ከቦርሳው አነሣ።

«እንግዲህ ጋሼ፣» አለ፣ «ከእናቴ ልጀምር፤ በጣም ታወራለች።»

ከማድ ቤት ጠብ አለ። የተነሣ ሰው አልነበረም።